«ሶኞ ዲ ቮላሬ»ን ያለ ኦርኬስትራ በ24 ሰው?

ፒያሳ ለምናቀርበው ዝግጅት ከሙዚቃ ደራሲው ክሪስቶፈር ቲን «ቱ ሺቨር ዘ ስካይ» አልበም (እ.ኤ.አ. 2020) መክፈቻውን፣ «ሶኞ ዲ ቮላሬ»ን («የመብረር ሕልም»)፣ መርጠናል። ያለን 24 ድምፅና አንድ ፒያኖ ነው። ጣሊያንኛ የሚችል የለንም። ከምን እንጀምር?

መልስ 1
ከቃሉ ጀምሩ፤ ዜማው ይቆይ። ግጥሙን በፊደላችን ጻፉት፣ «ኝ» ስላለን «ሶኞ» አያስቸግርም። የሚበላሸው «ቮ» ነው፤ ሲቸኩሉ «ቦላሬ» ይሆናል። የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን ይንካ። ድርብ ተነባቢዎችን ደግሞ እንደኛ አጥብቋቸው፤ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለያየው ሁሉ እዚያም ይለያያል። በሚጠብቀው ፊደል ላይ የጥብቀት ነጥብ አድርጉ።

መልስ 2
እኔ የምፈራላችሁ ትንፋሹን ነው። ረጅሙ ሐረግ ላይ ሁሉም መስመሩ ማብቂያ ላይ ከተነፈሰ ድምፁ ይቆረጣል፣ በረራውም ይወድቃል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ አይተንፍሱ፤ የእያንዳንዱን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የተነፈሰ ሰው ሲመለስ ተነባቢውን ትቶ በአናባቢው ብቻ፣ በቀስታ ይግባ። ድምፅ ስትከፍሉ 7 ሶፕራኖ (ቀጭን የሴት ድምፅ)፣ 6 አልቶ (ወፍራም የሴት ድምፅ)፣ 5 ቴነር (ቀጭን የወንድ ድምፅ)፣ 6 ባስ (ወፍራም የወንድ ድምፅ) ሞክሩ።

መልስ 3
ፒያኖው ሁሌ ዜማውን አብሮ አይምታ፤ ዘማሪው ይደገፍበትና መስማት ያቆማል። 8 ባር (የሙዚቃ ምት ክፍል) ያለ ፒያኖ ዘምሩ፣ ከዚያ የፒያኖውን ቁልፍ ነክታችሁ ድምፃችሁ ምን ያህል እንደወረደ አረጋግጡ።

ደግሞም ከመጀመሪያው አትጩኹ። ቃሉ ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ጽሑፎች የተቀዳ ነው፣ ገና ያልበረረ ሰው ሕልም። አልበሙ ጨረቃ ጋ የሚደርሰው መጨረሻው ላይ፣ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የ1962 (እ.ኤ.አ.) ንግግር ነው።