ኦቲዝም ላለበት ልጅ የት እንሂድ፣ ምን እንግዛ፣ ምን እንተው? (ጥቆማ)

ባለፈው ሳምንት ከእኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት በራችንን አንኳኩ። ልጃቸው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የሚፈልገውንም በጣቱ አያሳይም፣ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ይጎትታታል እንጂ። አባትየው "ጋሼ፣ የእናንተ ልጅ እንዴት ነበር?" ሲለኝ ዓይኑ የሳሎኑ ጥግ ላይ የጠርሙስ ክዳን በመስመር የሚደረድረውን ልጄን ይከተል ነበር። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አወራን። ሲወጡ ሚስትየዋ "ይህን ሁሉ ቢጽፉልን" አለችኝ። ለእነሱ የጻፍኩትን ሌላውም ያንብበው ብዬ ነው የማካፍላችሁ። ሐኪም አይደለሁም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አባት ነኝ፤ ያውም ብዙ ገንዘብ ያለ ቦታው ያፈሰስኩ አባት።

መጀመሪያ የት?

ጆሮውን አስመርምሩ። ስሙን ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ላይሰማም ይችላልና ከሁሉ በፊት ይህ ይጣራ። ቀጥሎ በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ በኩል የሪፈር ወረቀት አጽፉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው በተለይ ይህን ደረጃ አይዝለል፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል።

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያ ጥቆማዬ የካቲት 12 ሆስፒታል ነው፤ ከእሱ ጋር ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል። ሁለቱም የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አላቸው። ወረፋው ያሰለቻል፤ ገና ጎህ ሳይቀድ ከቤት መውጣት ሊኖርባችሁ ነው። ቢሆንም የሚያዩአችሁ ይህን የመሰለ ልጅ በየቀኑ የሚያዩ ሰዎች ናቸው፤ ክፍያውም ከግል ክሊኒክ ጋር አይወዳደርም። የግል ሐኪም ቶሎ ያያችኋል፣ ጊዜም ይሰጣችኋል። አቅም ካላችሁ መጥፎ አይደለም፤ ግን የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ወይም የልጆች እድገት ስፔሻሊስት መሆኑን ሳትጠይቁ አትግቡ።

እዚህ ላይ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ልጄን አደንዝዞ የአንጎል ኤምአርአይ አነሳው፤ የደም ምርመራም በገጽ በገጽ አዘዘ። ያን ወር የቤት ኪራይ የከፈልነው ተበድረን ነው። ውጤቱ "ደህና ነው" የሚል ሆነ። ኦቲዝም በደምም በራጅም አይታይም። ባለሙያው ልጁን እያጫወተ ያየዋል፤ ወላጅን ስለ አስተዳደጉ ረጅም ጥያቄ ይጠይቃል፤ የሚታወቀው በዚህ ነው። የሚጥል በሽታ ከተጠረጠረ የአንጎል ሞገድ ምርመራ ተገቢ ነው፤ ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌላው ልጅ ይልቅ ይበዛልና። ያለዚህ ምክንያት ግን "ይህ ምርመራ ምን ይለውጥልናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ይህን ጥያቄ ባውቀው ኖሮ!

"ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" የሚላችሁን ዘመድ ሻይ ጋብዙት እንጂ አትስሙት። እኛ በዚህ ምክር አንድ ዓመት ከመንፈቅ አጥተናል። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ሃያ ጥያቄ ያለው ኤም-ቻት የሚባል መጠይቅ አለ፤ ወላጅ "አዎ፣ አይደለም" እያለ የሚሞላው ነው፤ ዋጋም የለውም። ኦቲዝም ነው ብሎ አይበይንም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለባችሁ ግን ይነግራችኋል።

ማዕከላቱ

ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ሁለቱ ነው። ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የውበት ባለሙያዋ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ ለልጃቸው የሚሆን ቦታ አገር ውስጥ ስላጡ። ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። በዘመናቸው ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከጓዳ ወደ አደባባይ ለማውጣት የእሳቸውን ያህል የጮኸ ሰው አላውቅም። አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባለው የፊደል ድምፅን መሠረት ያደረገ ማስተማሪያም የእሳቸው ሥራ ነው። በእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይመጣል፤ "ማ" ብሎ አፍን መክፈት ለልጁም ለአስተማሪውም ይቀላል። ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል ደግሞ በወላጆች የተመሠረተ ነው፤ ወላጅ መሥራች የሆነበት ቤት ለወላጅ ጆሮ አለው።

የትኛው ይሻላል? ቀድሞ ቦታ የሰጣችሁ። እንደ ቀልድ አትውሰዱት፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። በሁለቱም ዛሬውኑ ተመዝገቡና በየጊዜው እየሄዳችሁ ፊታችሁን አሳዩ። ሌሎች ትንንሽ ማዕከላትም እየተከፈቱ ነው፤ ጥሩም መጥፎም አለባቸው። አንዱ ልጄን ለአራት ወር ይዞት ነበር። አንድ ቀን ሳልነግራቸው ብሄድ አሥራ ሁለት ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው አገኘሁ፤ ሞግዚቷ ስልኳ ላይ ነበረች። ስለዚህ ስትመርጡ የግድግዳውን ቀለም አትዩ። አንድ አስተማሪ ስንት ልጅ ይይዛል? ወላጅ ገብቶ ማየት ይችላል? ልጁ ሲጮህ፣ ራሱን ሲመታ ምን ታደርጋላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ብቻውን ይበቃል። "እንቆጣዋለን"፣ "እንይዘዋለን"፣ "ክፍል እንዘጋበታለን" ካሉ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የልዩ ፍላጎት ክፍል ያላቸው አሉ፤ የክፍለ ከተማችሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ስትሄዱ የሐኪም ማስረጃውን ኮፒ ያዙ፤ ያለ ወረቀት ጆሮ የሚሰጣችሁ የለም።

ቤት ለቤት የሚመጣ ባለሙያ

ማንም ተነሥቶ "ቴራፒስት ነኝ" የሚልበት አገር ውስጥ ነን። የተማረ የንግግር ሕክምና ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነው፤ የኦኩፔሽናል ቴራፒም (ልጁ እንደ መልበስና መብላት ያለውን የዕለት ተዕለት ሥራ እንዲችል የሚያግዝ ሕክምና) እንዲሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በኦኩፔሽናል ቴራፒ ማስተማር ጀምሯል፤ በዚያ አካባቢ ያላችሁ ጎራ በሉ። የቤት አስተማሪ ከቀጠራችሁ ምን እንደተማረና የሚቆጣጠረው ባለሙያ ማን እንደሆነ ጠይቁ። በሩን ዘግቶ ከልጁ ጋር ብቻውን የሚቀመጥ አይሁን። እኛ ከቀጠርናቸው ሦስት ሰዎች የጠቀመችን አንዷ ብቻ ናት፤ የጠቀመችን ባለቤቴን አጠገቧ አስቀምጣ "አሁን እርስዎ ይሞክሩ" እያለች ስላስተማረቻት ነው። ሁለቱ አንድ ሰዓት አጫውተውት፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው ይሄዱ ነበር።

ሁለት ቦታ ብቻ ገንዘብ ማውጣት ብችል አንዱ ለመጀመሪያው ምርመራ፣ ሌላው ለእኔና ለባለቤቴ ሥልጠና ይሆን ነበር የምለው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለሙያው በሳምንት ሁለት ሰዓት ከልጁ ጋር ነው፤ የቀረውን ሁሉ እኛ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ የእድገት መዘግየት ያለባቸው ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት። ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች እንዲሰጡት ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በአገራችንም አዲስ አበባና ቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ናቸው የሠሩበት። የሚያስተምረው ተራ የሚመስል ነገር ነው፦ ልጁ በሚጫወትበት መጫወት፣ ትልቁን ሥራ በትንንሽ ደረጃ መክፈል፣ ከመጮኹ በፊት ምን እንደነበር ማስተዋል፣ ደግሞም ተንከባካቢው ራሱን እንዳይጥል። ክሊኒክ ስትሄዱ "የወላጆች ሥልጠና አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ዕቃ

ከውጭ ካስመጣናቸው ዕቃዎች ግማሹ አልጋ ሥር ነው ያለው።

የጆሮ መከላከያ፦ ለሠርግ፣ ለጄነሬተር፣ ለድምፅ ማጉያ ግድ ነው። "ለኦቲዝም" ተብሎ የሚሸጠውን ተዉት። መርካቶ የሥራ ደኅንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ የብረት ቆራጮች የሚያደርጉት አለ፤ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም። የልጁን ጭንቅላት እንዳያጠብቅ ግን ይዛችሁት ሂዱና ለኩት።

ከባድ ብርድ ልብስ፦ የአሜሪካ ዘመድ ላከልን። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ ጥናት እንቅልፍን እንደማያሻሽል አሳይቷል፤ ልጆቹ ግን ወደውታል። ልጄም ወዶታል፤ ከዚያ በፊት ሁለት እጥፍ የተደረገ የአያቱን ጋቢም እንዲሁ ወዶት ነበር። ለሕፃን በጭራሽ አይሁን፤ ራሱ ገፎ መጣል የማይችል ልጅ ላይ አትጫኑበት።

የሥዕል ካርድ፦ ለማይናገር ልጅ ከሁሉ የምመርጠው ይህ ነው። የታተመውን የውጭ ካርድ አትግዙ፤ ልጄ የፈረንጁን ዳቦ ሥዕል አያውቀውም ነበር። የራሳችሁን ብርጭቆ፣ የራሳችሁን ሽንት ቤት፣ የእንጀራ ሞሰቡን፣ አያትየውን በስልክ አንሡና ፎቶ ቤት አሳትማችሁ ፕላስቲክ አስለብሱት። "ካርድ ከለመደ አይናገርም" የሚሉ አሉ፤ እኛ ቤት መጀመሪያ የወጣው ቃል "ውሃ" ነው፤ የወጣውም የውሃውን ካርድ እያቀበለን ሳለ ነው።

ቁጥር የተጠለፈበት ልብስ፦ ልጄ በር ከተከፈተ ይሮጣል። ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ በሸሚዞቹ አንገት ውስጠኛ በኩል ስልክ ቁጥራችንን ጠለፈልን። ከበሩ አናት ላይ መቀርቀሪያ አስገጠምን። ከገዛሁት ሁሉ ሌሊት ያስተኛኝ እሱ ነው።

ታብሌት ላይ አስተያየቴን ቆጥቤአለሁ፤ ለመነጋገሪያ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እኛ ቤት ግን ሁልጊዜ ወደ ካርቱን ነው የሚያመራው።

አትግዙ

የሕዋስ ሕክምና (ስቴም ሴል የሚሉት)፣ "መርዝ ማውጫ" ጠብታና መርፌ። ከደም እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ያሉ ከባድ ብረቶችን ያወጣል የሚባለው መርፌ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ልጅ ገድሏል። ከበረኪና የማይለይ ፈሳሽ "ፈውስ ነው" ብለው የሚሸጡም አሉ። ለኦቲዝም ክትባትን ተጠያቂ ያደረገውን የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍም ያሳተመው መጽሔት በ2010 እ.ኤ.አ. ሰርዞታል፤ ታናሽ እህቱን አስከትቡ።

ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የሌለው ምግብ ደግሞ አለ። አንዲት ዘመዳችን ከሱፐርማርኬት ውድ የውጭ ዳቦ ትገዛ ነበር፤ ቤቷ ውስጥ እንጀራ እያለ! ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የለውም (ከገበያ የሚገዛው ገብስና ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል)። ምግቡ ኦቲዝምን እንደሚለውጥ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃም የለም።

መድኃኒት? ሪስፔሪዶን ለአንዳንድ ልጆች ከባድ ብስጭትንና ራስን መምታትን ያበርዳል፤ ንግግር አያመጣም፤ ክብደት ይጨምራል። በአእምሮ ሐኪም ክትትል ብቻ።

ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ እኛም ወስደናል። ሕዝብ ሳይበዛ ማልዳችሁ ሂዱ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለው አታቋርጡ፤ "ይታሰር"፣ "ይገረፍ" የሚል ካጋጠማችሁ ይዛችሁት ተመለሱ።

ለጠየቃችሁኝ

ከቨርጂኒያ "እዚህ ከየት ልጀምር?" ብለሽ ለጻፍሽልኝ እህቴ፦ አንቺ ያለሽበት አገር ሕጉ ከእኛ የተሻለ ነው፣ ተጠቀሚበት። ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው የቅድመ ጣልቃ ገብነት ፕሮግራም፣ ከሞላው የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በነፃ ሊገመግመው ይገደዳል። ጥያቄሽን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አቅርቢ፤ ቀኑንም ጻፊበት። ከእነሱ ጋር ስትሰበሰቢ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ትልቋን ልጅሽን አታስተርጉሚያት። "አማርኛ ተዉበት፣ ይምታታበታል" ያለሽን ሰው አትስሚው፤ ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደማይጎዳ ጥናቶች ያሳያሉ። አያቱ በምን ቋንቋ ያባብሉት?

ከደሴ "አዲስ አበባ ልምጣ ወይ?" ብለሽ ለጠየቅሽኝ እናት፦ አዲስ አበባ ለመምጣት የግድ ከሆነ አንድ ጊዜ መጥተሽ ብዙ ይዘሽ ተመለሺ። ከመምጣትሽ በፊት ለሁለት ሳምንት ልጅሽን በስልክ ቪዲዮ ቅረጪው፤ ሲበላ፣ ሲጫወት፣ ስሙን ስትጠሪው፣ ሲቆጣ። ሐኪሙ ፊት ልጆች ወይ ይተኛሉ ወይ ያለቅሳሉ፤ ቪዲዮው ነው የሚናገርልሽ። የክትባት ካርዱንና የወሊድ ወረቀቱን አትርሺ። ለወረፋው ደግሞ የሚወደውን ነገር ያዢለት፤ የእኔ ልጅ አንድ ፌስታል የጠርሙስ ክዳን ይዞ ነበር የገባው፣ ሐኪሟም አብራው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ደረደረች።