ቪኤይት ሽንኩርት ይጭናል?

ምንጃር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የዛሬውን ክርክር እኔ ልጀምረው። ከአንድ የዕርዳታ ድርጅት ሐራጅ ላይ ቪኤይት አወጣሁ። እ.ኤ.አ. የ2012 ሞዴል ላንድክሩዘር፣ ናፍጣ፣ 4.5 ሊትር ሞተር። አካሉ ደህና ነው፣ ወንበሩ ቆዳ ነው። እኔ ደግሞ ምንጃር ላይ ሽንኩርት አለማለሁ። በበጋ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ተሳቢ ላይ አስሬ ውኃ ልጎትትበት፣ ሽንኩርቱ ሲደርስም እስከ አስፋልት ላወጣበት አሰብኩ።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። አንዱማ «ሙሽራ ውኃ ልታስቀዳ ነው?» አለኝ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ ከነከነኝ። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ይህን መኪና ሲገዙ የሚሰጡት ምክንያት አንድ ነው፤ «ለመስክ ሥራ»። እውነት የመስክ መኪና ከሆነ እኔ ማሳ ላይ ብነዳው ምኑ ያስቃል? የሚያስቅ ከሆነ ደግሞ ያ ምክንያት ውሸት ነበር ማለት ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ግብር ከፋይ፦
ራስህ መለስከው፤ ውሸት ነበር። ኮድ 4፣ የመንግሥት ታርጋ ያለው ቪኤይት በብዛት የማየው ሆቴል በር ላይ ነው። መስክ የሚሉት አዳማ ለስብሰባ መሄድን ነው። ለአዳማ ደግሞ የፍጥነት መንገድ አለ፣ ቪትዝም ይደርሳል።

ደላላው፦
ወንድሜ፣ መኪናውን አታበላሸው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን በጥር 2016 ካሳወቀ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ ቪኤይት ወርቅ ነው። ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል ቪኤይት ማን ይገዛሃል? ለእኔ ስጠኝና ፒክአፕ ላምጣልህ፤ የሚተርፍህ ብርም አለ።

ምንጃር፦
ለማን እንደሚተርፍ አውቃለሁ፣ ሃሃ። ቁም ነገሩን ንገሩኝ።

ጋራዥ ሠፈር፦
እዚህ ሦስት ነገር እየተደባለቀ ነው። መጫን ሌላ፣ መጎተት ሌላ፣ ክፉ መንገድ መውጣት ሌላ።

ከመጫን ልጀምር። ቪኤይት ባዶውን 2.7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ፋብሪካው የፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 3,350 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 650 ኪሎ ነው፣ ስድስት ኩንታል ተኩል በለው። ሹፌሩም ከዚያው ይቀነሳል። አምስት ሰው ከተቀመጠበት የሚቀረው ሦስት ኩንታል እንኳ አይሞላም። ተራው ሃይሉክስ ፒክአፕ አንድ ቶን አካባቢ ይጭናል። ቪኤይት ግዙፍ ስለሆነ ብዙ የሚሸከም ይመስለናል እንጂ አቅሙን የጨረሰው ራሱን በመሸከም ነው። ትልቁ ሞተር፣ የቆዳው ወንበር፣ የኋላው ተጣጣፊ ወንበር፣ የድምፅ መከላከያው፣ ሁሉም ክብደት ነው።

ከኋላ የያዘው ደግሞ ጥቅልል ሞላ ነው፣ ተደራራቢ ብረት ያለው ባሌስትራ አይደለም። የተሠራው ለምቾት ነው። ሲጫንበት ቂጡ ይወርድና የፊት መብራቱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ስለዚህ ሽንኩርቱን እርሳው።

ምንጃር፦
እሺ፣ ሽንኩርቱ ቀረ። ጉተታውስ? 3.5 ቶን ይጎትታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጋራዥ ሠፈር፦
ጉልበቱማ አለው። 650 ኒውተን ሜትር ቀልድ አይደለም። አውስትራሊያዎች ተጎታች ቤት አስረውበት አገር ያቋርጣሉ። ግን 3.5 ቶን የሚባለው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተፈቀደው 750 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ያንተን ተሳቢ ማን ነው የሚሠራልህ?

ምንጃር፦
እዚሁ ከተማ ያለ በያጅ። ኧረ ፍሬን የሚባል ነገር አልተነሳም።

ጋራዥ ሠፈር፦
አየህ! 2,000 ሊትር ውኃ 2,000 ኪሎ ነው። ሮቶውንና ብረቱን ስትጨምርበት 2.5 ቶን ይጠጋል። ከተፈቀደው ከሦስት እጥፍ በላይ። ቪኤይቱ ይጎትተዋል፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ መቆም ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ተሳቢው ከኋላ ይገፋሃል፤ ጠማማ ላይ ከሆነ ደግሞ መኪናውን ያዞረዋል። ሮቶው ግማሽ ብቻ ሲሞላ ነገሩ ይብሳል፤ ውኃው ወደፊት ወደኋላ ይላጋል።

ሌላም አለ። ተሳቢው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን መንጠቆው ላይ ያሳርፋል፣ ማለትም 250 ኪሎ። እሱም ከመኪናው ጭነት ይቆጠራል። አምስት ሠራተኛ ጭነህ ያንን ተሳቢ ካሰርክ ቪኤይትህ ሞልቷል። አንድ ጆንያ አትጨምርበትም።

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦
ከዚህ ሆኜ ልጨምር። ሌክሰስ ጂኤክስ 460 አለኝ። ከውጭ ሌክሰስ ይምሰል እንጂ ከሥሩ ፕራዶ ነው። 6,500 ፓውንድ ይጎትታል፣ ወደ 2,900 ኪሎ መሆኑ ነው። በጋ በመጣ ቁጥር የጓደኛዬን ጀልባ እጎትትበታለሁ። ለማኅበርም ድንኳንና ወንበር አመላልስበታለሁ። የሚስቅብኝ የለም፤ የምትቆጣው ሚስቴ ብቻ ናት። ልዩነቱ የወንድማችን የጋራዥ ሠፈር ነጥብ ነው። እዚህ በአብዛኛው ስቴት ከባድ ተሳቢ ያለ ፍሬን መንገድ አይወጣም። የኛዎቹ በሽቦ ከመኪናው ጋር ይያያዛሉ፤ እኔ ፍሬን ስረግጥ እነሱም ይይዛሉ። ውድ መኪና ለሥራ አይሆንም የሚለው ወሬ ግን እኔን አያሳምነኝም።

ግብር ከፋይ፦
አንተ በራስህ ገንዘብ ገዝተህ በራስህ ነዳጅ ጀልባ ብትጎትት ማን ምን አገባው? እኔ የማወራው ስለ ኮድ 4 ነው። በኮድ 4 የተጎተተ ነገር አይቼ አላውቅም። የተጎተተው እኛው ነን።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ልጆች፣ ትንሽ ታገሱኝ፣ ይረዝማል። ሃያ ሁለት ዓመት ድርጅት ነድቻለሁ። ሃርድቶፕም (ያ አሮጌው ዓይነት ላንድክሩዘር)፣ ፕራዶም፣ ቪኤይትም። መንገድ ከተነሳ ቪኤይትን አትናቁት።

ሃርድቶፑ 4.2 ሊትር ሞተር አለው፣ ግን ቱርቦ የለውም። ከፍታ ላይ አየር ሲሳሳ ይደክማል። በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ይጥላል። ባሕር ዳርቻ ላይ 130 ፈረስ የነበረው እንጦጦ ሲደርስ ምን እንደሚቀረው አስሉት። ቪኤይት ሁለት ቱርቦ አለው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን በሃርድቶፕ ስወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ያለቅስብኝ ነበር። በቪኤይት እያወጋን ወጣን። ሎው፣ ማለትም ለክፉ መንገድ የሚሆን ከባድ ማርሽ አለው፣ የፊትና የኋላ እግሩ እኩል እንዲስብ መሃል ዲፈረንሻሉ ይቆለፋል፣ 70 ሳንቲ ሜትር ውኃ እንዲሻገር ተደርጎ ተሠርቷል። ይህ ሁሉ ለሆቴል በር የተሠራ አይደለም።

አሁን ሌላውን ጎን ልንገራችሁ። አንድ ክረምት እነዋሪ አካባቢ መረሬ ውስጥ ገባን። የገጠምነው የከተማ ጎማ ነበር። ጥቁሩ አፈር ጥርሱን ሞላውና ጎማው እንደ ሙቀጫ ለሰለሰ። አራቱም እግር ይዞራል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። 2.7 ቶን መረሬ ላይ ሲቀመጥ የራሱ ክብደት ይቀብረዋል። አለቃዬ ከኋላ ሆነው «ልውረድ እንዴ?» ይሉኛል። ያደረጉት የስብሰባ ጫማ ነው። «ይቀመጡ» አልኳቸው፤ ቢወርዱም ያው ጭቃውን ይዘው መመለሳቸው ነው።

አንድ አይሱዙ ደረሰልን። ገመዱን ከፊት በኩል፣ ከሥር ካለችው ቀለበት አሰርነው። ያቺ ቀለበት ለካ መኪናው በመርከብ ሲጓዝ የሚታሰርባት ናት እንጂ መጎተቻ አይደለችም። አይሱዙው አንዴ ሲስብ ተነቅላ እንደ ጥይት ሄደች። ፊት ለፊት ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን በሳቅ አላወራላችሁም ነበር። በመጨረሻ ያወጣን ሁለት ጥማድ በሬ ነው። አለቃዬ ለባለ በሬው ብር ሲሰጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሃርድቶፕ ቢሆን አይያዝም ነበር ልል አልችልም፤ ሊያዝ ይችል ነበር። ግን ቀጭኑ ባለ 16 ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ወደ ጠንካራው ይወርዳል። ከፈነዳም የትኛውም ከተማ ያለ ጎሚስታ ካላማዳሪያ ለጥፎ ይሰድሃል። የቪኤይትን ጎማ ጎኑ ከተቀደደ ገጠር ላይ አታገኘውም።

አስጎብኚው፦
ጋሼ እውነት ብለዋል። እኔ አፋር ነው የምሠራው። ከሃመድ ኢላ ወደ ኤርታ አሌ ድሮ 80 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ አምስት ስድስት ሰዓት እንነዳ ነበር። መጨረሻው የቀዘቀዘ ላቫ ነው፤ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከሁለት መኪና ባነሰ አንገባም፣ አንዱ ቢሰበር ሌላው እንዲያወጣ።

ቪኤይት ኤርታ አሌ ይደርሳል? ይደርሳል። የማይደርሰው ባለቤቱ ነው። አንድ ደንበኛ የራሱን ሌክሰስ ይዞ ከእኛ ጋር ተጓዘ። አሳሌ ጨው ሜዳ ላይ ፎቶ ተነሳ፣ ደስ አለው። ላቫው ጋ ስንደርስ ቁልፉን ኪሱ ከተተና አሮጌው ላንድክሩዘራችን ላይ ወጣ። «ቀለሙ ይጫርብኛል» አለ። መኪናው የሚችለው አንድ ነገር ነው፣ ባለቤቱ የሚያስችለው ሌላ። ለምንጃር ወንድሜም የምለው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዋ ጭረት ካላሳመመችህ መኪናህ የመስክ ነው። ካሳመመችህ ሽጠው።

ጋራዥ ሠፈር፦
ጭረቱ ቀላሉ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ቪኤይቶች የሚሞቱት በአቧራና በናፍጣ ነው። የአየር ማጣሪያው ቤት በደንብ ካልገጠመ ደቃቅ አቧራ ሾልኮ ይገባና ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋል። ባለቤቱ የሚያውቀው ዘይት መጨረስ ሲጀምር ነው። ኢንጄክተሩ ደግሞ ንጹህ ናፍጣ ይፈልጋል። በበርሜል የተቀዳ፣ ውኃ የገባበት ናፍጣ የሃርድቶፑ አሮጌ ፓምፕ እየተነጫነጨም ቢሆን ይውጠዋል። ቪኤይት አይውጠውም። ምንጃር፣ ማሳ ላይ ልትነዳው ከሆነ ማጣሪያውን እኔ በየሳምንቱ አራግፈው ነበር።

ታሪክ ወዳዱ፦
በመሃል ልግባ። ቅንጡ የሚባለው መኪና ራሱ የተወለደው ከእርሻ ነው። ሬንጅ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ ወለሉ በውኃ ጎማ የሚታጠብ ነበር፤ ምንጣፉና ቆዳው የኋላ ነገር ነው። በ1971 እና 72 ሁለቱን ይዘው ከአላስካ ተነስተው በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ያለውን የዳሪየንን ረግረግ አቋረጡ። የቡድኑ መሪ በ1968 የዓባይን ሸለቆ በጀልባ የወረደው እንግሊዛዊው ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ነበር። እዚያ ጫካ ውስጥ ዲፈረንሻሉ ይሰበርባቸው ጀመር። ምክንያቱ ለረግረጉ ብለው የገጠሙት ትልቅ ጎማ ነው፤ መኪናው ለዚያ ጎማ አልተሠራም። ስለዚህ ምንጃር፣ ጋሼ ስለ ከተማ ጎማ ያሉትን ሰምተህ ትራክተር የሚያክል ጎማ እንዳትገጥም።

ግብር ከፋይ፦
እሺ፣ አንድ ነገር ልመን። መኪናው ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ንዴቴ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እነዋሪ የሚደርስ መኪና ገዝቶ ቦሌ ላይ ማቆም የባሰ ብክነት ነው። ለወረዳ የተሰጠው አምቡላንስ እኮ አብዛኛው ሃርድቶፕ ነው። ምጥ የያዛት እናት ባሌስትራ ላይ እየተንገጫገጨች፣ ስብሰባ የሚሄደው ሰው ሞላ ላይ ይተኛል። ይህን ማን ያስረዳኝ?

ጡረተኛው ሹፌር፦
ይህን አላስረዳህም ልጄ። እኔም አልገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጂንካ ድረስ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ቀን ሙሉ የሚነዳ ሰው የደኅንነት ቀበቶና ኤርባግ ያለው መኪና ቢሰጠው ቅንጦት አይደለም። በሃርድቶፕ ተገልብጠው ያጣኋቸው ባልደረቦች አሉኝ። ለሩቅ መስክ የሚወጣ ይውጣበት። ከተማ የሚውለው ነው የሚያሳፍረው።

ግብር ከፋይ፦
ነፍስ ይማር ጋሼ። በዚህስ ተስማማን። የሚወጣ ይውጣበት።

ምንጃር፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አሁን በያጁ ጋ ደወልኩ። «ተሳቢው ላይ ፍሬን ግጠምልኝ» ብለው ሳቀ። «ፍሬኑ መኪናህ ላይ አይደል?» ይለኛል። ፍሬን ከሌለው ስንት ሊትር ነው የምጎትተው?

ጋራዥ ሠፈር፦
ቀለል ያለ ተሳቢ 300 ኪሎ ብትል፣ ባለ 200 ሊትር ሁለት በርሜል ከነውኃው 440 ኪሎ ገደማ ነው። 740 ሆነ። በዚያው ቁም።

ምንጃር፦
ሁለት በርሜል? የጎረቤቴ የአህያ ጋሪ እኮ አንድ በርሜል ትጎትታለች!

ደላላው፦
ስልኬን አልሰረዝከውም አይደል?