«ይሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ»፦ ስድብ ነው ማጽናኛ?

ባለምጣዱ (ደሴ)፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ተረት እንቅልፍ ነስቶኛል። የምኖረው ብቻዬን ነው። የሱቅ እንጀራ ሲሰለቸኝ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁና ራሴው መጋገር ጀመርኩ። ግን ማታ ማታ፣ መጋረጃ ዘግቼ ነው። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲፈስ ድምፁ እንዳይሰማ ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ አክንባሎውን እንደ ሌባ ቀስ ብዬ ነው የምደፋው። ባለፈው ቅዳሜ ሬዲዮውን ረሳሁት። የእንጀራው ዐይን ገና እየወጣ ሳለ ጎረቤቴ እትዬ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ምጣዱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በእጄ የያዝኩትን ማሰሻ አዩ። «ይሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ!» ብለውኝ ወጡ።

«ሽ» ያሉኝ ሆን ብለው ሴት ሊያደርጉኝ ነው? ትርጉሙስ «እየተሳቀብህ ነውና ተው» ነው ወይስ «አትስማቸው»?

ፊደል ቆጣሪ፦
ስለ «ሽ» አታስብ። ተረት ጾታውን ይዞ ነው የሚዞረው። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚባለው ለስንት ወንድ ነው!

ሰዋስዉ ግን ደስ ይላል። በዛሬ አፍ ብንለው «የሚሉሽን ብትሰሚ ኖሮ ገበያ ባልወጣሽ ነበር» ይሆናል። «የሚ» የሌለው «ይሉሽን» የድሮ አነጋገር ነው፤ ርዝራዡ «ፍቅር ይሉት ነገር» ስንል አሁንም አለ። «በሰማሽ» ውስጥ ያለው «በ»ም የዛሬውን «ብ… ኖሮ» ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ልብ በል፦ ተረቱ «አልሰማሽም፣ ወጥተሻል» ነው የሚለው። ሴትዮዋ ገበያ ደርሳለች፣ ምናልባትም በርበሬዋን ሸምታ ተመልሳለች። ወሬው አላስቀራትም፤ ስላልሰማችው።

ሰኞ ገበያ፦
አይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እናቴ ይህን ተረት ስትተርት ከንፈሯን መጥጣ ነው። «ምስኪን፣ የሚታማውን ቢያውቅ!» ለማለት። ማጽናኛ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። በሰዋስው ተመርቶ ድምፀቱን መርሳት የፊደል ቆጣሪ የቆየ አመል ነው (ተቆጥተህ እንዳትዘጋኝ)።

ፊደል ቆጣሪ፦
ድምፀቱ ያንቺ ይሁን፣ ፍርዱ ግን የኔ ነው። ለማንኛውም የተረቱን «ይሉ» ከ«ይሉኝታ» ጋር አስተያዩት። «ታ» ከአፍ የወጣ ቃል ይዞ ስም ያደርገዋል፦ እሺ–እሺታ፣ እምቢ–እምቢታ፣ አንቱ–አንቱታ፣ ይሁን–ይሁንታ፣ ይቅር–ይቅርታ። እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው በርግጥ የሚላቸው ናቸው። «ይሉኝታ» ብቻ ማንም ገና ካላለው ነገር ተሠራ! «አሉኝታ» የሚባል የለንም። ያሉህ ነገር ሐሜት ነው፣ ስድብ ነው፣ ምክር ነው፤ ይሉኝታ ግን ሊሉህ ይችላሉ ብለህ አንተው ራስህ በነሱ ድምፅ የምትናገረው ነው። «ኝ»ም ተቆልፎ ቀርቷል። ስለ እሷ ስናወራ እንኳ «ይሉኝታ ያዛት» እንላለን እንጂ «ይሏት» ብለን አንቀይረውም። ባለምጣዱ፣ ሬዲዮህን ያስከፈተህ ይቺ «ኝ» ናት።

የሀረጎው፦
ከኮምቦልቻ ነኝ። ፊደል ቆጣሪ አሳምረኸዋል፣ ግን ይሉኝታን በአንድ በኩል ብቻ አትክሰሰው። «ይሉኝታ ቢስ» ስድብ የሆነው በምክንያት ነው፤ ለቅሶ ቤት እየሳቀ የሚገባውን ሰው ምን ልትለው ነው? አያቴ ደግሞ ይሉኝታንና ሐያእን አያምታቱም ነበር። ሐያእ ማንም በሌለበትም፣ በጨለማም አላህን ማፈር ነው። ይሉኝታ መጋረጃ ሲዘጋ ይለቅሃል።

ሰኞ ገበያ፦
ይሄ ልዩነት ወርቅ ነው። እኔን ግን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ ይሉኝታ ቢስ ሳይሆን የልቡን ለሚሠራ ሰው ማሞገሻ ቃል የለንም። «ራሱን የሆነ» ሲሉኝ ትርጉም ትርጉም ይሸተኛል። «እንደ ልቡ» ግማሹ ነፃነት፣ ግማሹ ብልግና ነው። «ለታይታ የማይኖር» ቢባልም «የማይ» እያልን ነው የምናሞግሰው።

የሀረጎው፦
በ«አይ» ማሞገስ ምን ነውር አለው? ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ደሴ ላይ «አይጠየፍ» ተብሎ የለም እንዴ? ሰው ሳይመርጥ ያስተናግዳል ለማለት፣ ግሱን ከነአሉታው አንስተው ስም አደረጉት። ባለምጣዱን «አይጠየፍ» ብዬዋለሁ፤ አብሽር፣ ጋግር!

ባለምጣዱ፦
ከልቤ አመሰግናለሁ። ተረቱን ከራሳቸው ከእትዬ ልጠይቅ ስል እሳቸው ቀደሙኝ። ዛሬ ጠዋት ጣሳ ይዘው መጡ። እርሾአቸው ተበላሽቶባቸዋል፤ የኔን ቀምሰው «ጎምዘዝ ብሏል፣ ደህና ነው» አሉ። ምን ማለትዎ ነበር ብላቸው «ተረት ነው፤ ተረት ምን ይጠየቃል» ብለው ዘጉኝ። እርሾውን ቀዳሁላቸው። ጣሳውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ በሩ ላይ ቆም ብለው ግራ ቀኝ አዩና፦

«ከወንድ እርሾ ወሰደች እንዳልባል፤ ለማንም እንዳትናገር።»