የ7 ዓመት ዓይነ ስውር ልጅ ደረጃ ወርዶ ሱቅ ብቻውን እንዲደርስ ምን እናስተምረው?

ጥያቄ (የልጅ እናት)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ውጪ አያይም። ቤት ውስጥ የማንንም እርዳታ አይፈልግም። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግቢ ውስጥ ያለው ሱቅ ብቻውን ቢደርስ ደስ ይለኛል። ነጭ በትሩ ግን ኮብልስቶን ላይ እየተሰካ ሆዱን ይወጋዋል። ግንባሩንም ደረጃው ሥር ሁለቴ ተመታ። ምን ላይ ነው የተሳሳትነው?

የልዩ ፍላጎት መምህር፦ መጀመሪያ በትሩን ለኪው። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጫፉ መሬት ሲነካ እጀታው ቢያንስ ደረቱ ላይ መድረስ አለበት፤ እስከ አገጩ ቢረዝምም ጥሩ ነው። ካጠረ ጉድጓዱን የሚያውቀው እግሩ ሊገባ ሲል ነው። ስለሚያድግ በየ6 ወሩ ይለካ። የሚሰካው ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ክብና ወፍራም፣ ከተገኘም የሚሽከረከር ጫፍ አድርጊለት። ሆዱን የሚወጋው ደግሞ እጀታውን እምብርቱ ላይ ስለሚደግፈው ነው። አንድ ስንዝር ያህል አርቆ፣ ላላ አድርጎ ይያዘው፤ ሲሰካ ክንዱ ይታጠፋል እንጂ ሆዱ አይነካም።

ጫፉ ከትከሻው ግራና ቀኝ 5 ሳንቲሜትር ያህል አለፍ እያለ መሬቱን ይጥረግ። ቀኝ እግሩ ሲቀድም በትሩ ወደ ግራ ይሂድ፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ እግር የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ተፈትሿል። እጁ ሲደክም ወደ አንድ ጎን ብቻ መጥረግ ይጀምራል፤ እሱን ስታዪ አሳርፊው።

«ነጭ በትር» የተባለ መላሽ፦ ግንባሩ የተመታው በልጁ ጥፋት አይደለም። በትር ከወገብ በላይ ያለውን አይነግርም። ሥሩ ክፍት የሆነ ደረጃ ላይ በትሩ በባዶው ያልፋል፣ ግንባር ከኮንክሪቱ ጋር ይገናኛል። እዚያ ሲቃረብ ነጻ እጁን ክርኑን አጥፎ፣ መዳፉን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ከግንባሩ አንድ ስንዝር ፊት ይያዝ። የቆርቆሮ ጠርዝና የመኪና ስፖኪዮም እንዲሁ ነው። የግቢው ኮሚቴ ከፈቀደ ደግሞ ደረጃው ሥር ሁለት ሦስት ትልልቅ የአበባ ማሰሮ አስቀምጡ፤ በትሩ እነሱን ቀድሞ ይነካል።

«ደረጃ በደረጃ» የተባለ መላሽ፦ ሲወርድ አንድ እጁ መደገፊያው ላይ፣ የበትሩ ጫፍ ሁልጊዜ ከፊቱ ባለው ደረጃ ጠርዝ ላይ ይሁን። ጫፉ ሜዳ ወለል ሲነካ የቀረው አንድ ደረጃ ነው። አብዛኛው መውደቅ እዚያች ላይ ነው፣ «አልቋል» ብሎ ሲራመድ። ከፎቅ ፎቅ ያሉትን ደረጃዎች ቢቆጥርም ይጠቅመዋል።

የልዩ ፍላጎት መምህር፦ ደረጃ ይቁጠር፣ እርምጃ ግን አይቁጠር። ሲቸኩል 42ቱ 35 ይሆናል፤ ሰው ሰላም ካለው ጨርሶ ይጠፋበታል። ቋሚ ምልክት አስይዢው፦ ሲሚንቶው አልቆ ኮብልስቶን የሚጀምርበት፣ ቁልቁለቱ፣ የወፍጮው ድምፅ። የጀበና ቡና ሽታ ደስ ይላል፣ ግን ሻጯ እሑድ ላትኖር ትችላለች። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፅ ሁሉ ይዋጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ምልክት እግሩ የሚያውቀው ይሁን።

የልጅ እናት፦ አመሰግናለሁ። አያቱ ደግሞ እጁን ይዘው ይጎትቱታል፤ ምን ልበላቸው?

ነጭ በትር፦ እሱ ይያዛቸው በያቸው፤ የእጃቸውን አንጓ ይዞ ግማሽ እርምጃ ከኋላ ሲሄድ የእሳቸው እጅ ዝቅ ከፍ ማለቱ ራሱ ደረጃውን ይነግረዋል። «እዚህ ጋ»፣ «እዚያ» የሚባለውን ትተው «በቀኝህ»፣ «ከፊትህ» ይበሉት። በሰዓት ቁጥር አቅጣጫ ማሳየትን («3 ሰዓት ላይ» ብሎ ቀኝን ማመልከትን) አልመክርም፤ በአገር አቆጣጠር 3 ሰዓት ሲባል፣ በፈረንጅ የተሞላው ሰዓት ላይ አጭሩ ቆጣሪ ያለው 9 ላይ፣ በግራ በኩል ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ በር ወይ ጥርቅም ወይ ወለል፤ ገርበብ ያለ በር ነው ፊት የሚመታው።

ደረጃ በደረጃ፦ መጀመሪያ አጠገቡ፣ ከዚያ ድምፅ ሳታሰሚ 2 ሜትር ከኋላው፣ ከዚያ ከበረንዳ ሆነሽ ተከታተይው። ሲሳሳት ወዲያው አትጥሪው፤ አደጋ ከሌለ ራሱ ይመለስ። አስፋልት መሻገር ለጊዜው ከአዋቂ ጋር ብቻ ነው፤ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ለባለሱቁም ንገሪው፦ ወጥቶ እጁን እንዳይዘው፣ ባለበት ሆኖ በስሙ ይጥራው።