ለአንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ፦ ኢንተርኔት፣ ታብሌት ወይስ ሌላ?

የፊዚክስ መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተምረው ከከተማ በራቀ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪዎቻችን 600 ያህል ናቸው። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለዲጂታል ትምህርት የሚውል ገንዘብ ሊሰጠን ተስማምቷል። ገንዘቡ የሚሰጠው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ ገሚሱ የሳተላይት ኢንተርኔት እናስገባ አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ታብሌት ገዝተን ለተማሪዎች እናድል አለ። ሁለቱም ሐሳቦች አላሳመኑኝም፤ የተሻለ አማራጭ ግን ማቅረብ አልቻልኩም።

የመብራት መስመር አለን፤ ነገር ግን ደጋግሞ ይቋረጣል፣ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም። ከዚህ በፊት በሌላ ፕሮጀክት የመጡ ኮምፒውተሮች አሉ። አብዛኞቹ ተበላሽተው አቧራ ለብሰዋል፤ ለጥገና የሚሆን በጀት ማንም አልያዘላቸውም። ቤተ ሙከራችን ባዶ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ዑደትን የማስተምረው በጠመኔ እየሳልኩ ነው። ጎበዝ የሆኑት ተማሪዎች ቀመሩን ይሸመድዱታል፤ ባትሪ ሲጨመር አምፖሉ ለምን እንደሚደምቅ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ይህ ዕድል እንደገና እንዲባክን አልፈልግም። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ምኑን እናስቀድም?

የኔትወርክ ባለሙያ፦

መምህር፣ እኔ የምተዳደረው ትምህርት ቤቶችን ከኢንተርኔት ጋር በማገናኘት ነው። እንዲያም ሆኖ በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይሉን አስተማማኝ አደርጋለሁ፤ ቀጥዬ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚቀመጥ ሰርቨር፣ ማለትም ትምህርቶችን ይዞ ለተማሪዎቹ መሣሪያዎች የሚያሠራጭ ኮምፒውተር፣ እተክላለሁ፤ ኢንተርኔቱን በሦስተኛ ደረጃ አስገባለሁ። ለአንድ ጊዜ በተሰጠ ገንዘብ ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅ ነገር ማስገባት አደገኛ ነው። በምድር አቅራቢያ፣ በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የሚዞሩት ሳተላይቶች በ35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ካሉት የቀድሞዎቹ በእጅጉ ፈጣን ምላሽ ይሰጣሉ፤ ለገጠር ትምህርት ቤት ትልቅ ተስፋ ናቸው። ሆኖም የወሩ ሒሳብ ካልተከፈለ አገልግሎቱ ይቋረጣል። ጣሪያ ላይ የቀሩ፣ ማንም የማይጠቀምባቸው ሳህኖች በብዛት አይቻለሁ።

አሁን የሚያስፈልገውን የኢንተርኔት ፍጥነት እናስላ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. ለ2030 ያስቀመጠው ግብ ለአንድ ትምህርት ቤት ቢያንስ 20 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለአንድ ተማሪ ደግሞ 50 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። ለ600 ተማሪዎች ሲባዛ 30 ሜጋቢት ይሆናል። በአንድ ክፍል ያሉ 40 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 1 ሜጋቢት የሚፈልግ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ቢከፍቱ 40 ሜጋቢት ያስፈልጋል። ግቡ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ እንኳ አንድ ክፍል ብቻውን መስመሩን ያጨናንቀዋል። ያው ቪዲዮ በትምህርት ቤቱ ሰርቨር ላይ ካለ ግን ለኢንተርኔት የሚከፈል ምንም ነገር የለም።

ሰርቨር ስል በእጅ መዳፍ የምትያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ትበቃለች። ኮሊብሪ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ትምህርቶችን ያቀርባል፤ ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን እንዳለ ይይዛል። ለእርስዎ ትምህርት የሚሆነው ግን ፌት ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው የሳይንስ ሙከራዎች ናቸው፤ ተማሪው በስክሪን ላይ ሽቦ ያገናኛል፣ ባትሪ ይጨምራል፣ አምፖሉ ሲደምቅ ያያል። አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ይህንን ለመጀመር ሰርቨሩንም መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ ከተማ ሲወርዱ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ያውርዱት።

ትንሿ ኮምፒውተር ስትገዛ መረጃውን በሚሞሪ ካርድ ላይ አታስቀምጡ፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርዱ ይበላሻል። ኤስኤስዲ የሚባለው የመረጃ ማከማቻ ይሻላል። ለቤት የተሠራ ራውተርም ብዙ ታብሌት በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ይንገዳገዳል፤ ለክፍል የሚሆን የዋይፋይ ማሠራጫ ግዙ። ሰርቨሩና ማሠራጫው በአንድ ላይ 25 ዋት ቢወስዱ፣ በስምንት ሰዓት የሚፈልጉት 200 ዋት ሰዓት ነው። የ12 ቮልት፣ የ100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ቢይዝም ከግማሹ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ 600 አላችሁ በሉ። የቀረው 400፣ የብክነቱን መጠን ቀንሳችሁ፣ ለታብሌቶች መሙያ ይሆናል። ባትሪው ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ስለ ታብሌት እደላ የፔሩን ጉዳይ ልጥቀስ። አገሪቱ ወደ 900,000 የሚጠጉ ላፕቶፖችን ለትምህርት ቤቶች አከፋፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የወጣው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ትርጉም ያለው ለውጥ አላገኘም። ከክፍል ወደ ክፍል የሚዘዋወር አንድ የታብሌት ስብስብ ገዝታችሁ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጠቀሙበት።

ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር፦

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ኢንተርኔትን በሦስተኛ ደረጃ ማስቀመጡን ግን አልቀበልም። ሊያስተምርበት ያልተዘጋጀ መምህር እጅ ላይ የወደቀ ሰርቨር ምን ይጠቅማል? መምህሩ ትምህርቱን የሚያዘጋጅበት፣ ከሌሎች መምህራን ጋር የሚመካከርበት መስመር ይፈልጋል። ለዚህ 30 ሜጋቢት አያስፈልግም፤ በመምህራን ክፍል በሞባይል መረብ የሚሠራ አንድ ሞደም ይበቃል፤ ወጪውም ከትምህርት ቤቱ መደበኛ በጀት ሊሸፈን ይችላል።

ኡራጓይን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሴይባል የተባለውን ዕቅድ ሲጀምሩ ኮምፒውተሩንና ግንኙነቱን አብረው ነው ያቀረቡት። በኋላ የእንግሊዝኛ መምህር እጥረት ሲያስቸግራቸው፣ በቪዲዮ ከሩቅ የሚያስተምር መምህርን ከክፍሉ መምህር ጋር አጣመሩ። ይህ ያለ ኢንተርኔት አይሞከርም። በተቃራኒው ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት አስታውሱ፤ በሳተላይት የሚተላለፈውን ትምህርት መምህሩ ሊያቆመውም ሆነ ሊመልሰው አይችልም ነበር፤ ያልገባው ተማሪ እንዳልገባው ይቀራል። ስለዚህ የምትመርጡት ማንኛውም ነገር መምህሩ እጁን አንሥቶ «ቆይ፣ እንመለስ» ሊልበት የሚችል ይሁን።

ሌላም አለ። ዩኒሴፍና የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመሩት ጊጋ የተባለ ፕሮጀክት ትምህርት ቤቶችን በካርታ ላይ እያሰፈረ ነው። ትምህርት ቤታችሁ በትክክለኛ ቦታው መመዝገቡን አጣሩ። በካርታ ላይ የሌለ ትምህርት ቤት ለመስመር ዝርጋታ ዕቅድ ሲወጣም ይዘነጋል።

የሒሳብ መምህርት፦

ቤታቸው ምንም መሣሪያ የሌላቸውን ልጆች አትርሱ። በኮሮና ጊዜ በቦትስዋና የተደረገ ጥናት ነበር። ለወላጆች የሒሳብ ጥያቄ በጽሑፍ መልእክት ብቻ መላክ ለውጥ አላመጣም፤ በየሳምንቱ የአጭር ጊዜ የስልክ ጥሪ ሲታከልበት ግን የልጆቹ ውጤት ተሻሻለ። ተራ ስልክ ነው የተጠቀሙት። ከገንዘቡ ትንሽ ለአየር ሰዓት ብትይዙ አትጸጸቱም።

የፊዚክስ መምህር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኃይሉንና የሰርቨሩን ሐሳብ ለስብሰባው አቀርባለሁ፤ ሞደሙንም እንደዚሁ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የነበሩት ኮምፒውተሮች ከመበላሸታቸው በፊትም ቁልፍ ተቆልፎባቸው ነበር የከረሙት። ታብሌቶቹም ይኸው ዕጣ ቢገጥማቸውስ?

የኔትወርክ ባለሙያ፦

ይህ ከባትሪው የበለጠ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። ዕቃው የሚቆለፍበት አንድ ሰው በስሙ ስለሚፈርምበት ነው፤ ቢጠፋ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ የሚያውቅ ሰው ቁልፉን ለማንም አይሰጥም፣ ልንወቅሰውም አይገባም። ስለዚህ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ዕቃው በትምህርት ቤቱ ስም እንዲመዘገብና በማስተማር ላይ እያለ ለሚደርስ ብልሽት መምህሩ ተጠያቂ እንዳይሆን በጽሑፍ አስወስኑ። ድርጅቱንም ይህንን በውሉ ውስጥ እንዲያስገባ ጠይቁት፤ ከእናንተ ይልቅ የእርሱ ቃል ይሰማል።

ከዚያ የታብሌቶቹ ተራ በትምህርት ክፍለ ጊዜ ሠሌዳው ላይ ይግባ። ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የፊዚክስ ተራ መሆኑ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ቁልፉን የሚጠይቁት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሆናሉ። ለጥገናውም አንድ መምህርና ከታች ክፍሎች የተመረጡ ጥቂት ተማሪዎች አብረው ይሠልጥኑ፤ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎችን ብቻ ካሠለጠናችሁ በዓመቱ ዕውቀቱን ይዘውት ይሄዳሉ። የውሉን ረቂቅ ስታገኙ፣ የድርጅቱን ስም አውጥታችሁ የጥገናውን አንቀጽ እዚህ ለጥፉት፤ አብረን እናየዋለን።