የእህቴ ጉበት ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምናው ያድናታል?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ 22 ዓመቷ ነው። ከእምብርቷ በላይ ሲያማት «ጨጓራ ነው» ተብሎ ለወራት ኪኒን ዋጠች። አሁን በሲቲ ስካን በግራ የጉበት ክፍሏ ላይ ትልቅ ዕጢ ታየ። የናሙናው ውጤት «ፋይብሮላሜላር ካርሲኖማ» ይላል። ሄፓታይተስ የለባትም። አልኮል ቀምሳ አታውቅም። የጉበት ካንሰርን ይጠቁማል የተባለው አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባለው የደም ምርመራም ኖርማል ነው። ታዲያ ከየት መጣ? እናቴ «ጉበቱ ተቆርጦ ሰው ይኖራል ወይ?» እያለች ታለቅሳለች። አጎቴ ደግሞ ቢላ ከነካው ይሰራጫል ብሎ አስፈራርቶናል።

ቀዶ ሐኪም፦ አይዞህ ወንድሜ። እህትህ ያጠፋችው ነገር የለም። ይህ ዓይነቱ የጉበት ካንሰር በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው። በአብዛኛው የሚይዘው ጉበታቸው ጤነኛ የሆነ ወጣቶችን ነው። በ2014 ተመራማሪዎች በዕጢው ውስጥ ሁለት ጂኖች ተቆርጠው እርስ በርስ እንደተጣበቁ አገኙ። ይህ ዕጢው ውስጥ የተፈጠረ እንጂ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። አልፋ ፌቶፕሮቲኑም በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ኖርማል ነው፤ ስለዚህ በእሱ አትዘናጉ።

ለእናትህ እንዲህ በላት፦ ጤነኛ ጉበት ግማሹ ቢወጣ እንኳ የቀረው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያድጋል። ዋናው ሕክምናም ቀዶ ሕክምና ነው፤ ኬሞ ብቻውን እሱን አይተካም። ዕጢው ወደ ንፍፊቶች መሄድ ስለሚወድ በጉበቱ አካባቢ ያሉትም አብረው ይወጣሉ። አጎትህ ቢላውን ፈሩ፤ እኔን የሚያስፈራኝ መዘግየቱ ነው። ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው ብዙዎቹ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ግን ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን አልደብቅህም።

ነርስ፣ ጅማ፦ የውጤት ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። የናሙናውን ስላይድና የሰም ብሎኩን (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበትን) ናሙና ከሚመረመርበት ከፓቶሎጂ ክፍል ጠይቅ። ሲቲውን በሲዲ ያዝ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ሪፈር ሳታጽፉ አዲስ አበባ አትሂዱ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ለአንድ ወረቀት መመለስ ያማል። ደም የሚሰጡ ዘመዶችንም ከአሁኑ አነጋግር። የባህል መድኃኒት እየወሰደች ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ጉበት የሚጎዳ አለና።

የታማሚ ወንድም፦ የእኔም እህት በዚሁ በሽታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ቁስሏ ሲሽር ዳነች ብለን ቀጠሮ ተውን። በዓመቱ ሲታይ ተመልሷል። ደግነቱ ድጋሚ ማውጣት ተቻለ። አሁን በየሦስት ወሩ ትታያለች። እባክህ ቀጠሮ እንዳትዘል። አላህ ያሽራት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሰኞ ብሎኩንና ሲዲውን እቀበላለሁ። አጎቴንም ይዤው እሄዳለሁ፤ ከሐኪሙ አፍ ይስማ።