ከሸክላ ወደ ኮምፒውተር ስቀዳ ድምፁ ቀጠነብኝ፤ ምን ጎደለ?

ባለ_33 (ጥያቄ)

ሰላም ለቤቱ። ቤት ያሉትን ሸክላዎች ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀምሬ ገና ከመነሻው ተቸግሬያለሁ። ማጫወቻው በቀበቶ የሚዞር ነው፤ ካርትሪጁ (መርፌውን የሚይዘውና ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ኤምኤም፣ በሚንቀሳቀስ ማግኔት የሚሠራው ዓይነት። ከኋላው ቀይና ነጭ ጃክ ይወጣል፣ አብራቸውም አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። አምፕሊፋየር የለኝም። ቀይና ነጩን ወደ አንድ ትንሽ ጃክ በሚያጠቃልል ኬብል ላፕቶፑ ላይ ካለችው ብቸኛ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ሰክቼ በኦዳሲቲ (ድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም) ነው የምቀዳው። ቀጭኗ ሽቦ የትም አልተሰካችም።

ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነው። በሶፍትዌር ከፍ ሳደርገው ባስ የለውም፤ "ሰ" እና "ሸ" ጆሮ ይበሳሉ። ግራና ቀኙ ፍጹም አንድ ነው። ከሥር የማያቋርጥ እምምም የሚል ነገር አለ፣ ቻርጀር ስሰካ ይብሳል። በየፊቱ የመጨረሻው ዘፈን ደግሞ ይሻክራል።

ገሚሶቹ ባለ 33 (በደቂቃ 33 ዙር የሚዞሩ) ናቸው፣ የቀሩት ባለ 45፤ ጥቂት የድሮ ባለ 78ም አሉ። በኢኳላይዘር እያስተካከልኩ ልቀጥል ወይስ ዕቃ ልጨምር? በምንስ ፎርማት ላስቀምጥ?

ብየዳ_ቤት

ኢኳላይዘሩን ተወው፤ የጎደለህ ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። ኤምኤም ካርትሪጅ የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ላይን መግቢያ (ከሌላ መሣሪያ የጎላ ድምፅ የሚቀበለው) የሚጠብቀው ግን በመቶ የሚቆጠር ሚሊቮልት። ፕሪአምፑ ወደ 40 ዲቢ (ዴሲቤል)፣ ማለትም 100 እጥፍ ያጎላዋል። ከማጉላቱ በላይ የሚያስፈልግህ ግን ሌላው ሥራው ነው። ሸክላ ሲቆረጥ ሆን ተብሎ ባሱ ይቀነሳል፣ ትሬብሉ ይጨመራል። ባሱ እንዳለ ቢቆረጥ ፈሩ (መርፌው የሚሄድበት ቦይ) እየተወላገደ ጎረቤቱን ይነካል፤ ትሬብሉ ካልተጨመረ በሸክላው ሽርሽርታ ይዋጣል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ መለኪያ በሆነው የአርአይኤኤ ኩርባ መሠረት ቅነሳው በ20 ሄርዝ ላይ፣ ጭማሪውም በ20 ኪሎ ሄርዝ ላይ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 20 ዲቢ ይደርሳሉ። ፕሪአምፑ ይህን መልሶ ይገለብጠዋል። አንተ እየሰማህ ያለኸው ያልተገለበጠውን ነው፤ ቀጭን የሆነብህም ለዚህ ነው።

ኦዳሲቲ ውስጥም የአርአይኤኤ ኩርባ አለ፣ አንዳንዱ በእሱ ልገላገል ይላል። ኩርባው ትክክል ነው፤ ግን 4 ሚሊቮልት በላፕቶፕ ማይክ መግቢያ ከገባ በኋላ ባሱን በ20 ዲቢ ስታነሳ እምምም የሚለውም አብሮ ይነሳል። አይመከርም።

ግራና ቀኙ አንድ የሆነው በቀዳዳዋ ምክንያት ነው። ያቺ ለጆሮ ማዳመጫና ለማይክ በጋራ የተሠራች ናት፤ የምታስገባው አንድ የማይክ ቻናል ብቻ ነው፣ ለዚያውም ለማይኩ ትንሽ ቮልቴጅ እየላከች። ሁለት ላይን መግቢያ ያለው የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ያዝ። ቅደም ተከተሉ፦ ማጫወቻ፣ ፎኖ ፕሪአምፕ፣ ኢንተርፌስ፣ ኮምፒውተር። ከማጫወቻው እስከ ፕሪአምፑ ያለው ኬብል አጭር ይሁን፣ ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል፤ የኬብሉ ካፓሲታንስ ሲበዛ ትሬብሉን ያዛባል። ከፕሪአምፑ ወዲህ ያለው ቢረዝም ግድ የለም።

ቀጭኗ ሽቦ ኧርዝ ናት፤ ፕሪአምፑ ላይ ባለችው ብሎን ትታሰራለች። የመርፌውን ክንድ በጣትህ ስትነካ እምምምታው ከተለወጠ ችግሩ እሷው ናት። ታስራም ካልጠፋ ላፕቶፑን በባትሪ ብቻ አስነሳና ቅዳ፤ ያን ጊዜ ዝም ካለ በቻርጀሩ በኩል የተፈጠረ የኧርዝ ሉፕ ነው (ዕቃዎቹ በሁለት መንገድ ኧርዝ ሲገናኙ የሚመጣ)። በአንድ ቻናል ብቻ የሚጮህ ከሆነ ካርትሪጁ ጀርባ ያሉትን አራት ትንንሽ ክሊፖች እይ፤ ላልተው ይሆናል።

አንድ ነገር፦ ማጫወቻህን ገልብጠህ ወይም ከሳህኑ ሥር ፈልግ። ብዙዎቹ "ፎኖ" እና "ላይን" የሚል ስዊች አላቸው። ካለ ፕሪአምፑ ውስጡ ነው፣ ሌላ አትግዛ። ሁለቱን ደርበህ ከተጠቀምክ ድምፁ ይደነቁራል፣ ይፈነዳል።

መርፌና_ፈር

የመጨረሻው ዘፈን መሻከሩ ከፕሪአምፕ ጋር አይገናኝም፤ ፕሪአምፑ ቢስተካከልም ይቀጥላል። ባለ 33 ሸክላ ላይ ፈሩ ከዳር ሲጀምር በመርፌው ሥር በሰከንድ ወደ 51 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ መሐል ሲደርስ ወደ 21 ይወርዳል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ታጭቆ ይገኛል ማለት ነው። ጫፉ ክብ የሆነ መርፌ እነዚያን ጠባብ ጥምዝምዞች ሊከተል አይችልም፤ ኤሊፕቲካሉ (ሞላላው) የተሻለ ይከተላል። መርፌ ከመቀየርህ በፊት ግን ሦስት ነገር መርምር።

መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደት በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ለካ። አብዛኞቹ ኤምኤሞች ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይላሉ፤ የካርትሪጅህ ሠሪ ከሰጠው ክልል ወደ ላይኛው ጠጋ በል። ሸክላዬ እንዳይጎዳ ብሎ ማቅለል የተለመደ ስህተት ነው፤ የቀለለ መርፌ ይዘላል፣ ሲዘል ነው ፈሩን የሚቆርጠው። ቀጥሎ የካርትሪጁን አቀማመጥ በፕሮትራክተር ወረቀት፣ ሁለቱም ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም። ሦስተኛው አንቲስኬቲንግ፣ ክንዱ ወደ መሐል እንዳይሳብ የሚያመጣጥነው፤ ከክብደቱ ቁጥር ጋር እኩል አድርገህ ጀምር። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ከሻከረ ወይ መርፌው አልቋል ወይ ፈሩ በድሮ መርፌ ተበልቷል። የተበላን ፈር ሶፍትዌር አይመልሰውም።

እጠባ። የተጣራ ውኃ፣ በሊትር ሁለት ሦስት ጠብታ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ። በለስላሳ ብሩሽ ወይም በማይክሮፋይበር ፈሩን ተከትለህ አሽከርክር፣ ተሻግረህ አትፈግፍግ። በሌላ ንጹሕ የተጣራ ውኃ አለቅልቅ፤ ማለቅለቁ ከተዘለለ የሳሙናው ዝቃጭ ራሱ ይንጫጫል። መሐል ያለው ወረቀት አይንካው። በጠርዙ አቁመህ ይድረቅ። ባለ 78ቱን በአልኮል እንዳትነካ! የሚሠሩት ከሼላክ ነው፣ አልኮል ያሟሟዋል። መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረግ፤ በተቃራኒው ከሄድክ ትሰብረዋለህ።

ባለ 78ቱን ለጊዜው አቆያቸው። የነሱ ፈር ሰፊ ነው፤ 76 ማይክሮን አካባቢ የሆነ መርፌ ይፈልጋል፣ ያንተው ግን 18 አካባቢ ነው። ከፈሩ ወለል ላይ እየተንፏቀቀ ሽርሽርታ ብቻ ያወጣል። ኩርባቸውም ብዙ ጊዜ አርአይኤኤ አይደለም።

ፍጥነቱንም ከመጀመርህ በፊት አረጋግጥ፤ ቀበቶ ሲለጠጥ ይዘገያል። ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርገህ ሸክላውን በመርፌ እያጫወትክ ቁጠር፦ በ33 ላይ በ3 ደቂቃ 100 ዙር፣ በ45 ላይ 135 ዙር።

ናሙና_96

ወደ ቅጂው ልሂድ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ለማይክ የተበሩትን "ማሻሻያዎች" በሙሉ አጥፋ፤ ድምፅ ማመጣጠኛውና ጫጫታ አፋኙ ሙዚቃውን እንደ ጫጫታ ቆጥረው ይበሉታል። የማሳወቂያ ድምፆችም ይዘጉ። ስፒከር አትክፈት፤ ንዝረቱ በጠረጴዛው አልፎ መርፌው ጋ ይደርስና ይቀዳል። በጆሮ ማዳመጫ ስማ።

24 ቢት አድርግ፣ የናሙና መጠኑን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) 96 ኪሎ ሄርዝ። የሸክላው በጣም የሚጮኸው ቦታ ላይ ጫፉ ከ-6 እስከ -10 ዲቢ እንዲመታ ጌይኑን (የመግቢያውን ማጉያ) አስተካክልና ፊቱ እስኪያልቅ አትንካው። ሙሉ ፊት በአንድ ትንፋሽ ቅዳ፣ መርፌው ከሚያርፍበት ባዶ ፈር ጀምሮ። 20 ደቂቃ የሚሄድ ፊት በ24 ቢትና በ96 ወደ 690 ሜጋባይት ነው፤ በ44.1 ከሆነ ወደ 318። ኦዳሲቲ ውስጥ ሲሠራበት በ32 ቢት ስለሚይዘው ፕሮጀክቱ ከዚህ ይሰፋል፣ ዲስክህን አስብበት።

ያልተነካውን ቅጂ በፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ፋይሉን የሚያሳንስ ፎርማት) አስቀምጥ። የሚጸዳው ሁልጊዜ ኮፒው ይሁን። ተራው፦ ከ20 ሄርዝ በታች ያለውን በሃይ ፓስ ቁረጥ፤ ክሊኩን (ጠቅ የሚለውን) አውጣ፤ ዘፈኖቹን ከፋፍል፤ መጨረሻ ላይ ኖርማላይዝ (የድምፁን ጫፍ ማስተካከል) ወደ -1 ዲቢ፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ። ለክሊክ ራሱ ኦዳሲቲ ያለው ክሊክ ማጥፊያ ይበቃል።

ብየዳ_ቤት

ስለ 96 አልስማማም። ጥሩ ሸክላ ከሽርሽርታው በላይ ያለው ስፋት ከ60 እስከ 70 ዲቢ ነው፤ 24 ቢቱ የሚጠቅመው ጌይኑን ዝቅ አድርጎ ለመቅዳት ብቻ ነው። ለመስማት 44.1 ይበቃል።

ናሙና_96

ለመስማት አዎ። ለማጽዳት ግን ክሊክ በ96 ላይ ቀጥ ያለ ስለታም ጫፍ ሆኖ ይታያል፣ ከሙዚቃው መለየት ይቀላል። ከጸዳ በኋላ ወደ 44.1 ማውረድ ይቻላል፤ በ44.1 የተቀዳውን ወደ ላይ መመለስ አይቻልም።

ባለ_33

ስዊቹ ተገኘ! ከሳህኑ ሥር ነበር፣ "ፎኖ" ላይ። ወደ "ላይን" ሳዞረው ባሱ መጣ። ሁለት መግቢያ ያለው ኢንተርፌስም አገናኘሁ፤ ስቴሪዮ ሆኗል። ግን ጌይኑን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌውም ቀዩ መብራት ይበራል። ሌላው፣ ባለ 45ቱ ከባለ 33ቱ ይልቅ በጣም ይንጫጫሉ።

ብየዳ_ቤት

መግቢያው "ማይክ" ወይም "ኢንስትሩመንት" ላይ ሆኖ ነው። "ላይን" ላይ አድርገው። የ48 ቮልቱ ቁልፍም ጠፍቶ ይሁን፣ እዚህ ምንም ሥራ የለውም።

መርፌና_ፈር

ባለ 45ቱ ሞኖ ይሆናሉ፣ ወረቀታቸው ላይ እይ። የሞኖ ፈር ወደ ጎን ብቻ ነው የሚወዛወዘው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ሁሉ አቧራና ጭረት ነው። በስቴሪዮ ቅዳና ኦዳሲቲ ውስጥ ሁለቱን ቻናል ወደ ሞኖ ቀላቅል፣ ያ ቀጥ ያለው ጫጫታ እርስ በርሱ ይጣፋል። ከመቀላቀልህ በፊት ግን ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ ስማ፤ አንዱ የፈር ግድግዳ በጣም ተበልቶ ከሆነ ጤነኛውን ብቻ መውሰድ ይሻላል።

ስለ ክሊክ ማጥፊያው ናሙና_96 ያለው ላይ ልጨምር። በጅምላ ስትለቀው የትራምፔት አነሳስና የከበሮ ምት ለሱ ክሊክ ናቸው፤ ይላጫቸዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የጸዳውን ኮፒ ኢንቨርት አድርግና (ሞገዱን ገልብጥና) ካልተነካው ጋር ቀላቅለህ አጫውት። የምትሰማው የተወገደው ነገር ብቻ ነው። ጠቅ ጠቅ ብቻ ከሆነ ደህና ነው፤ ከበሮ ወይም ነሐስ ከሰማህ ትሬሾልዱን (ክሊክ ብሎ የሚቆጥርበትን ወሰን) ከፍ አድርግና ድገም። ለነጠላ ትልልቅ ክሊኮች እስኪታዩ አጉልተህ "ሪፔር" ተጠቀም፤ በአንድ ጊዜ የሚወስደው እስከ 128 ናሙና ብቻ ስለሆነ ክሊኩን ብቻ ምረጥ።

ናሙና_96

ልክ ነው፣ ያ ፈተና አይዘለል። ጫጫታ ቀናሹንም እንዲሁ፦ 12 ዲቢ ለሸክላ ይበዛል፣ ጸናጽሉን ውኃ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። ከ6 አትለፍ፤ ናሙናውን ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ካለው ባዶ ፈር ውሰድ።

ዘፈን ሲከፋፈል ጸጥታ ፈላጊውን አትመን። በሸክላ ላይ በዘፈን መካከል ፍጹም ጸጥታ የለም። እያዳመጥክ በየዘፈኑ መነሻ ጠቋሚውን አስቀምጥና ኮንትሮልና ቢ ተጭነህ ምልክት አድርግ፣ የዘፈኑን ስም እዚያው በአማርኛ ጻፍ፤ በምልክቶቹ መሠረት በአንድ ጊዜ ኤክስፖርት ሲደረግ የፋይሉ ስም ይሆናል። ከስሙ ፊት 01፣ 02 እያልክ ቁጥር አስገባ፤ አለዚያ ማጫወቻው በፊደል ተራ ይደረድራቸውና የሸክላው ቅደም ተከተል ይጠፋል።